የማሽላ አረማሞ፤ ምልክቱ፥ አመጣጡና መከላከያው

ማሽላ በሚሰበሰብበት በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት፥ ከገዳሪፍ ሜዳ እስከ ሾዋክ ድረስ በሚገኙት አውድማዎች ላይ ከምርቱ ጋር ጥቍር ዱቄት ሲጨስ ያየ ሰው ጥቂት አይደለም። የወቂዎቹ ፊትና ልብስ ከሰል ሲያራግፉ የዋሉ ያስመስላቸዋል፤ ነጭ የነበረውም እህል ጆንያ ሲገባ ዐመድማ መልክ ይይዛል። ስለዚህ ነገር የሚሰጠው ምክንያት ልዩ ልዩ ነው። አንዳንዱ ምች መታው ይላል፤ አንዳንዱ ዝናቡ አለጊዜው ስለ ቀረ ነው ይላል፤ የሰው ዓይን አርፎበት ነው የሚልም አይጠፋም። ነገሩ ግን አረማሞ የሚባለው የእህል በሽታ ነው። ምክንያቱ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ መከላከያውም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ሆኖም ሰው ስለ በሽታው የሚያስበው ጥቍሩን ባየ ጊዜ ብቻ ስለ ሆነና፥ ያን ጊዜ ደግሞ ለዚያ ዓመት አዝመራ የሚደረግ ነገር ስለማይኖር፥ አረማሞ ከዓመት ወደ ዓመት ይሻገራል። ይህ ማብራሪያ የተጻፈው ስለዚሁ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ማሽላ ለዚህ አገር እንግዳ ተክል አይደለም። ከሾዋክ በታች በአትባራ ወንዝ ላይ ባለችው በካሽም ኤል ግርባ አጠገብ በቍፋሮ የተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎች፥ በጭቃቸው ውስጥ የማሽላ ገለባ አሻራ ይዘው ቈይተዋል። ነገሩን የመረመሩት ሊቃውንት በ2017 ዓ.ም. እንደ ገለጡት፥ ይህ ማሽላ ከ5 ሺህ ዓመት በፊት በሰው እጅ መለመድ የጀመረ ነበር። ስለዚህ የአትባራ ዳርቻ ሕዝብ ማሽላን በማረስ ከማንም ቢቀድም እንጂ አይዘገይም። በኋላም በ1944 ዓ.ም. ገደማ በገዳሪፍ አጠገብ በጋዳምባሊያ በትራክተር የማረስ ሥራ ተጀመረ፤ በ1968 ዓ.ም. የሜካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽን ሲቋቋም ደግሞ ዋልካው መሬት በብዙው ታረሰ። በወሰኑ ወዲያም የመተማና የሁመራ ቈላ እንደዚሁ የማሽላና የሰሊጥ አገር ሆነ። ከዚህ ወዲያ አንድ ዓይነት ዘር በሰፊ ሜዳ ላይ ይዘራ ጀመር፤ ለማሽላው የተዘረጋው ሜዳ ለበሽታውም የተዘረጋ መሆኑን መርሳት አይገባም። የወሰን መሥመርም አረማሞን አያግደውም፤ የቀን ሠራተኛው ወደ አገሩ ሲመለስ በስልቻው ከያዘው ዘር ጋር ይሻገራልና።

ከተሜውስ ምን አገባው የሚል ቢኖር፥ ኪስራውም ሆነ የማሽላው እንጀራ ከዚሁ እህል የሚጋገር መሆኑን ያስታውስ። አረማሞ የነካው እህል ሲፈጭ ዱቄቱ ይጠቍራል፥ ጣዕሙም ይበላሻል፤ ነጋዴውም ዋጋውን ይቀንስበታል። የታመመው ዛላ ደግሞ ፍሬው በጥቍር ዱቄት የተተካ ስለ ሆነ እዚያ ላይ እህል የሚባል ነገር የለም። እርሻው ሲታይ ለምለም ነው፤ ጐደሎው የሚታወቀው ሲሰፈር ነው።

እንግዲህ አረማሞ ምንድር ነው? ፈንገስ ከሚባሉት ፍጥረቶች ወገን ነው። ፈንገስ ማለት በእርጥብ ዳቦ ላይ እንደሚወጣው ሻጋታ ያለ፥ ቅጠልና አበባ የሌለው፥ ምግቡንም ራሱ ማዘጋጀት ስለማይችል በሌላው ላይ የሚኖር ነው። የሚራባውም እጅግ በደቀቀ ዘር ነው፤ አንዲቱ ቅንጣት ከሚሊሜትር አንድ መቶኛ እጅ እንኳ ታንሳለችና ያለ ማጉያ መነጽር ለብቻዋ አትታይም። በአውድማ ላይ የሚጨሰው ጥቍር አቧራ እንግዲህ የተቃጠለ እህል አይደለም፤ በሚሊዮን የሚቈጠር የበሽታው ዘር ነው።

የዚህን ዘር የአንድ ዓመት ኑሮ የተመለከተ ሰው መከላከያውን ራሱ ያገኘዋል። የታመመው ፍሬ በዱላ ወይም በመኪና ሲወቃ ይፈነዳል፤ ዱቄቱም በጤነኛው ፍሬ ገላ ላይ ያርፋል። ጤነኛው ፍሬ በዚህ አይታመምም፤ የሚሸከመው ብቻ ነው። በጐተራም ሆነ በመጥሙራ ጕድጓድ፥ ስፍራው ደረቅ እስከ ሆነ ድረስ፥ የአረማሞው ዘር ሳይሞት ይጠብቃል፤ ለብዙ ዓመታትም ነፍስ ይዞ ሊቈይ ይችላል። ክረምት ገብቶ ማሽላው ሲዘራ ሁለቱ በአንድነት እርጥበት ያገኛሉ፥ በአንድነትም ይበቅላሉ። ቡቃያው ገና ከመሬት ብቅ ሳይል ክር የመሰለው የፈንገስ አካል ወደ ውስጡ ይገባና ወደሚያድገው ጫፍ ይጠጋል። ከዚያ በኋላ ከአገዳው ጋር አብሮ ያድጋል። ቅጠሉ አይጠወልግም፥ ነጥብ አይወጣበትም፥ ቀለሙም አይለወጥም። ገበሬው በዚያ እርሻ መካከል ሲመላለስ ምንም የሚያሳዝነው ነገር አያይም። ማሽላው ዛላ አውጥቶ ፍሬ ሊይዝ ሲል ብቻ ፈንገሱ የፍሬውን ስፍራ ይይዛል፤ በእህሉም ፈንታ ጥቍር ዱቄት የሞላበት ከረጢት ይሠራል። በሐምሌ የገባው በጥቅምት መጨረሻ ይታያል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ መድኃኒት ፍለጋ መሮጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ነው።

በዚህ ረገድ አረማሞ ሰዎች በይበልጥ ከሚያውቋቸው ከሌሎቹ የፈንገስ በሽታዎች የተለየ ነው። ለምሳሌ በግቢያቸው አበባ የሚያሳድጉ ሰዎች ክሪሳንተመም በሚባለው አበባ ላይ የሚወጣውን ነጭ ዋግ ይፈሩታል። ይህ በሽታ ከጃፓን ተነሥቶ በ1960ዎቹ ዓመታት ወደ አውሮፓ የደረሰ ሲሆን፥ የሚጓዘውም ለመትከል በሚቈረጡት ቅርንጫፎች ነው። ከቅጠሉ በላይ ፈዛዛ ነጥብ፥ ከቅጠሉ በታች ደግሞ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነጭ እብጠት ይታያል። አትክልተኛው ነጥቡን ባየ ጊዜ ቅጠሉን ይቈርጣል፥ የታመመውን ተክል ነቅሎ ያቃጥላል፥ ቅጠሉ ሌሊት ረጥቦ እንዳያድር ውሃውን ከሥሩ ያጠጣል፥ መድኃኒትም ይረጫል። በስንዴ ላይ የሚወጣውም ዋግ ቢሆን ቅጠሉንና አገዳውን በዝገት መልክ ስለሚያለብሰው ከሩቅ ይለያል። በእነዚህ ሁሉ ዓይን ይቀድማል፥ እጅም ይከተላል። የማሽላን አረማሞ ግን በዓይን የሚጠብቅ ሰው አንድ ዓመት ይዘገያል። እርሱን መያዝ የሚቻለው በማይታይበት ጊዜ፥ ይኸውም በዘሩ ላይ ሳለ ነው።

ይህን እውነት ለማግኘት በሌላ አገርም ብዙ ድካም ጠይቋል። በአውሮፓ የስንዴ ፍሬ በጥቍር ዱቄት እየተለወጠ ሲያስቸግር፥ አየሩ ነው ወይም መሬቱ ነው እየተባለ ለብዙ ዘመን ተከራክረውበታል። በ1755 ዓ.ም. ማትዮ ቲዬ የተባለ ፈረንሳዊ እርሻውን በመደብ ከፋፍሎ፥ ከፊሉን ዘር ጥቍሩን ዱቄት አስነክቶ፥ ከፊሉን ንጹሕ አድርጎ ዘራው። ዱቄት የነካው በብዛት ታመመ፤ ንጹሑ ግን ከጥቂቱ በቀር ዳነ። ነገር ግን ዱቄቱ ሕይወት ያለው መሆኑን ቲዬ አላወቀም ነበር። ይህን ያየው ቤኔዲክት ፕሬቮ ነው፤ በ1807 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ ቅንጣቶቹ በውሃ ውስጥ እንደሚበቅሉ፥ መዳብ የነካው ውሃ ግን እንደሚያግዳቸው አስረዳ። በዘመኑ የነበሩት ሊቃውንት ወዲያው አልተቀበሉትም። ዛሬ ዘርን በመድኃኒት አሽቶ የመዝራት ሥራ ሁሉ ከዚያ የተነሣ ነው።

ከሾዋክ ወጣ ባለ አንድ መንደር የሚኖሩ አንድ አረጋዊ ገበሬ ለዚህ ጸሐፊ እንዲህ ብለውት ነበር፤ «ልጄ፥ የእኔ ዘር ንጹሕ ነው፤ ከአምናው ምርት ወፍራም ወፍራሙን በእጄ ለቅሜ ነው ያስቀመጥሁት።» «አባባ፥ አምና በአውድማዎ ላይ ጥቍር ነበረ?» ተብለው ቢጠየቁ፥ «ያማ መቼ ይጠፋል!» ሲሉ መለሱ። እህሉን ያስለቀሙት በመልካም ዓይን ነው፤ በወፍራሙ ፍሬ ላይ የተቀመጠውን ግን የማንም ዓይን አያየውም። በኋላ ከዚያው ዘር ጥቂት ጭብጥ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ተደርጎ ሲናጥ ውሃው ጠቈረ፤ ሲረጋም ከሥሩ ጥቍር አተላ ተቀመጠ። ይህን ፈተና ማንም በቤቱ ሊያደርገው ይችላል። ጥቂት ብቻ የተነካ ዘር ውሃውን ላያጠቍረው ይችላልና ውሃው ስላልጠቈረ ብቻ ዘሩ ንጹሕ ነው ማለት ግን አይገባም።

አሁን ወደ ምልክቶቹ እንለፍ። አረማሞ አንድ ብቻ ሳይሆን በማሽላ ላይ አራት ዓይነት አለው፤ የአንዱ መከላከያም ለሌላው ላይሠራ ስለሚችል መለየቱ ግድ ነው።

በዘር የሚተላለፈውና እስካሁን የተናገርንለት ሽፍኑ አረማሞ ነው። የታመመው ማሽላ ቁመቱ እንደ ጤነኛው ነው፤ በዛላው ላይ ግን ሁሉም ወይም ከፊሉ ፍሬ ወደ ከረጢትነት ተለውጦ ይገኛል። ከረጢቱ ከጤነኛ ፍሬ ጥቂት ይበልጣል፤ ጫፉ ሾል ያለ፥ ቆዳውም ዐመድማ ወይም ቡናማ ነው። ይህ ቆዳ ጠንካራ ስለ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ውቂያ ድረስ አይፈነዳም። ይህም ለገበሬው ዕድል ነው፤ ምክንያቱን ወደ ፊት እንገልጣለን።

ሁለተኛው ግልጡ አረማሞ ነው። እርሱም በዘር ላይ ተቀምጦ ይሻገራል፤ ነገር ግን ከመታጨዱ በፊት ራሱን ያስታውቃል። የታመመው ተክል ከጓደኞቹ ያጥራል፥ አገዳው ይቀጥናል፥ ከጐኑ ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ዛላውንም ከሌሎቹ ቀድሞ ያወጣል። የከረጢቱ ቆዳ ስስ በመሆኑ ዛላው እንደ ወጣ ይቀደዳል፤ ዱቄቱ በነፋስ ከተበተነ በኋላ በየፍሬው ስፍራ እንደ ቀንድ የቈለመመ ጥቍር እንጨት መሳይ ነገር ይቀራል።

ሦስተኛው የራስ አረማሞ ነው። ይህኛው ፍሬ አይመርጥም፤ ዛላውን በሙሉ ወደ አንድ ትልቅ ነጭ ከረጢት ይለውጠዋል። ከረጢቱ ሲቀደድ ዱቄቱ ይወጣና የዛላው ሥሮች እንደ ተበተነ ጥቍር ጠጕር ተንዠርግገው ይቀራሉ። የዚህ በሽታ ዘር የሚኖረው በአፈር ውስጥ ነው፤ በቆሎንም ይይዛል።

አራተኛው በደረቅ አገር፥ ይልቁንም በሱዳን፥ የታወቀው ረጅሙ አረማሞ ነው። በዛላው ላይ እዚህም እዚያም ጥቂት ፍሬ ብቻ መርጦ ይይዛል። ከረጢቱ እንደ በትር የረዘመ፥ ትንሽ የጐበጠ፥ እስከ 4 ሳንቲሜትርም የሚደርስ ስለ ሆነ ከሌሎቹ ጋር ማሳሳት አስቸጋሪ ነው። ይህ በዘር አይመጣም። ዛላው ገና በቅጠሉ አቃፊ ውስጥ ሳለ በነፋስ የመጣው ዱቄት ወደ ውስጥ ይገባና አበቦቹን አንድ በአንድ ይይዛል።

ከእነዚህ ሌላ፥ ዝናብ ዘግይቶ በደረሰ ማሽላ ላይ የወረደ እንደ ሆነ ፍሬው ከላይ በሻጋታ ይጠቍራል። ይህን ከአረማሞ ለመለየት አንዱን ፍሬ በጥፍር መስበር ይበቃል። ውስጡ እህል ከሆነ ሻጋታ ነው፤ ጥቍር ዱቄት ከሆነ አረማሞ ነው።

ለሽፍኑና ለግልጡ አረማሞ የሚደረገው ሥራ የሚጀምረው ከአጨዳ በፊት ነው። ለሚመጣው ዓመት ዘር የሚሆነው ማሽላ በእርሻው ላይ ቆሞ ሳለ መመረጥ አለበት፤ ከተከመረ በኋላ ጤነኛውን ከታመመው ተክል መለየት አይቻልም። በተመረጠው ስፍራ የታመመ ዛላ ቢገኝ በቀስታ ተቈርጦ ወዲያው ከከረጢት ውስጥ ይግባ፤ ከእርሻው ውጭም ይቃጠል ወይም በጥልቅ ጕድጓድ ይቀበር። የሽፍኑ አረማሞ ቆዳ እስከ ውቂያ አይፈነዳም ያልነው እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ በጥንቃቄ የተነሣ እንደ ሆነ ዱቄቱን ሳይበትን ይወጣል። ልጆች ዛላውን ወርውረው እንዳይጫወቱበት መጠበቅም ያስፈልጋል፤ ደስ ብሏቸው ሲያጨሱት ታይተዋልና።

የዘሩም ውቂያ ለብቻው፥ ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ፥ በተጠረገ አውድማ ወይም በንጹሕ ሸራ ላይ ይሁን። በመኪና ለሚወቃ ሰው ነገሩ ከዚህ የበረታ ነው። የመውቂያው መኪና ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው ሲሄድ የጎረቤትን አረማሞ በሆዱ ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ ሳይጠረግና የመጀመሪያው ጥቂት ጆንያ ለምግብ ሳይለይ ከእርሱ ዘር መውሰድ አይገባም። ጆንያውም አዲስ ወይም የታጠበ ይሁን።

ከዚህ ቀጥሎ ዘሩን ማሸት ይመጣል። ከዱሮ ጀምሮ የታወቀውና በርካሹ የሚገኘው ድኝ ነው። በደንብ የደቀቀና የደረቀ ድኝ ለ1 ኪሎ ዘር 4 ግራም፥ ለ100 ኪሎም 400 ግራም ይበቃል። ለአንድ ሄክታር 10 ኪሎ ያህል ማሽላ ይዘራል ብንል፥ የሚያስፈልገው ድኝ 40 ግራም ብቻ ነው ማለት ነው። ዘሩንና ድኙን ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ፥ በርሜሉን ሳይሞሉ፥ ጨምሮ ለጥቂት ደቂቃ በመሬት ላይ ወዲያና ወዲህ ማንከባለል ነው። እያንዳንዱ ፍሬ ስስ ልብስ እንዲለብስ እንጂ ድኙ እንዲቈለልበት አይደለም። ቲራም የሚባለውን መድኃኒት የሚያገኝ ሰው ለ1 ኪሎ ዘር ከ2 እስከ 3 ግራም ያደርጋል፤ ይሁን እንጂ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው መጠን ከዚህ የተለየ ቢሆን የማሸጊያውን ይከተል። ሥራው በደጅ፥ ነፋስን ከኋላ አድርጎ፥ አፍንጫና አፍ ተሸፍኖ ይደረግ፤ እጅም በሳሙና ሳይታጠብ ምግብ አይነካ።

መድኃኒት በማይገኝበት ስፍራ ዘሩን በላም ሽንት ነክሮ፥ አድርቆ መዝራት ከገበሬው ዘንድ የተገኘ ብልሃት ነው። ይህን ልማድ አንዳንድ የተማረ ሰው እንደ ዘበት ይስቅበት ነበር። በኢትዮጵያ የሰብል ተመራማሪዎች ግን በሽፍኑ አረማሞ ላይ ፈትነው በሽታውን በእጅጉ እንደሚቀንስ አይተዋል። ዘሩ ለረጅም ሰዓት ተነክሮ የቈየ እንደ ሆነ ግን መብቀሉ ሊጐዳ ይችላል፤ ስለዚህ ከመዝራት በፊት ጥቂቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ስንት ከመቶ እንደሚበቅል ማየት ጥሩ ነው።

ለቀሩት ለሁለቱ ዓይነቶች ዘር ማሸት የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው፤ ለረጅሙ አረማሞማ ፈጽሞ አይረዳም። የራስ አረማሞ ያለበት ማሳ ለጥቂት ዓመታት ማሽላም በቆሎም ሳይዘራበት ቢቈይ ይሻላል፤ በገዳሪፍ መሬት ሰሊጥ ለዚህ የተመቸ ነው፥ በሽታው ሰሊጥን አይይዝምና። ነጩ ከረጢት ሳይቀደድ የተነቀለ ተክልም አፈሩን ከብዙ ዱቄት ያድናል። ረጅሙን አረማሞ በሚመለከት ግን ሊደረግ የሚቻለው ከረጢቱን መልቀም፥ የሚያጠቃውን ዘር መተውና ከአካባቢው ተሞክሮ መማር ነው። ድኝ አሽቼ ዘርቼ ነበር፥ ምንም አልሠራም ብሎ የሚያዝን ገበሬ ቢኖር፥ ዛላውን አምጡና እንየው ማለት ይገባል። ብዙ ጊዜ የተሳሳተው መድኃኒቱ ሳይሆን የበሽታው ስም ነው።

በሽታን ስለሚቋቋም ዘርም ጥቂት እንጨምር። ፈተሪታ የሚባለው የሱዳን ማሽላ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ተወስዶ ነበር፤ እዚያም አረማሞን በመቋቋም ታወቀ። ሆኖም ቈይቶ እርሱንም የሚይዝ የአረማሞ ዝርያ ተገኘ። ስለዚህ የአንድ ዘር ጥንካሬ ለዘላለም የተሰጠ ርስት አይደለም። ኢትዮጵያዊው ሊቅ ገቢሳ ኤጀታ በሱዳን ሲሠሩ ያወጡት ሀጂን ዱራ 1 የተባለው ድቅል ማሽላ በ1983 ዓ.ም. ለገበሬ ተሰጠ፤ እርሳቸውም በ2009 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ድቅል ዘር በየዓመቱ አዲስ የሚገዛ ስለ ሆነ፥ በአግባቡ ተዘጋጅቶ ታሽቶ የመጣ እንደ ሆነ የአምናውን አውድማ ጥቍር ይዞ አይመጣም። ከእርሱ ምርት ላይ ዘር የሚያስቀር ሰው ግን ይህን ጥቅም ያጣዋል፤ ምርቱም እንደ መጀመሪያው አይሆንለትም።

የአስተዳደር ሠራተኞችን የሚመለከተው ክፍል ከዚህ ይጀምራል። ሾዋክ የስደተኞች ጉዳይ ሥራ ማዕከል ሆና የኖረች ከተማ ናት፤ በ1980ዎቹ ዓመታት በድርቅና በጦርነት ምክንያት ብዙ ሕዝብ ወደዚህ አገር ገብቷል፤ በ2020 ዓ.ም. መጨረሻም የኡም ራኩባ ሰፈር ዳግመኛ ተከፍቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ያገኘውን እህል ከፍሎ ይበላል፥ ከፍሎ ይዘራል። ለምግብ የመጣ ማሽላ ከየት እንደ ተወቃ፥ ምን እንደ ነካው አይታወቅም፤ ለመብል ምንም ባይከፋ ለዘር ግን አረማሞን ወደ አዲስ መሬት ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ ለምግብ ከሚታደለው ጋር ለዘር የሚሆን የታየ እህል በጊዜው፥ ይኸውም ዝናብ ሳይገባ፥ ቢቀርብ ሰውየው የምግቡን እህል ለመዝራት አይገደድም። ከገበያ ተገዝቶ ለዘር የሚታደል ማሽላም ቢሆን ከመታደሉ በፊት በውሃ ፈተና ይታይ፤ ከታደለ በኋላ ለመመለስ መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ተገላቢጦሹ ነው፤ ይኸውም ለዘር የታሸ እህል ወደ ማድቤት የገባ እንደ ሆነ ነው። በ1971 ዓ.ም. በኢራቅ ከድርቅ በኋላ ለገበሬዎች የሚታደል ብዙ የዘር ስንዴና ገብስ ከውጭ አገር መጣ። ዘሩ የታሸው በዚያን ጊዜ ለፈንገስ መከላከያ ይሠራበት በነበረው፥ ሜርኩሪ ባለበት መርዝ ነበር። ለማስጠንቀቂያም ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ በጆንያው ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ግን ገበሬው በማያውቀው ቋንቋ ነበር። በአንዳንድ ስፍራም ዘሩ የደረሰው የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ሰዎች ቀለሙን በውሃ አጥበው ሲለቅላቸው መርዙም የለቀቀ መሰላቸውና ፈጭተው ጋገሩት። መርዙ ወዲያው አይገድልም ነበርና የበላ ሰው ለሳምንታት ደኅና መስሎ ቈየ፤ ከዚያ በኋላ እጅና እግር መደንዘዝ፥ ዓይን መጥፋት ጀመረ። በመንግሥት መዝገብ 6,530 ሰዎች ሐኪም ቤት ገቡ፤ 459ኙ ሞቱ። አይተው ይሁን ብለው ያረፉት ቀለሙን ነበር፤ መርዙ ግን የሚታይ አልነበረም።

ሜርኩሪ ዛሬ ለዘር ማሻነት የተከለከለ ነው፤ ድኝም ሆነ ቲራም የእርሱን ያህል ክፉ አይደሉም። ቢሆንም የታሸ ዘር ሁሉ ለሰውም ለከብትም ለዶሮም ምግብ አይደለም። በጆንያው ላይ ማስጠንቀቂያው በአማርኛ፥ በትግርኛና በዓረብኛ ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችል ሰውም ስዕል ይደረግበት፥ ሲታደልም በቃል ይነገረው። በቤት ውስጥ ከምግብ እህል ጋር በአንድ ጐተራ አይቀመጥ። ለአንድ ማሳ የሚበቃውን ብቻ ማሸት ይሻላል፤ የተረፈ ቢኖር ለጎረቤት ማሳ ይሰጥ ወይም ለሚቀጥለው ዘር ምልክት ተደርጎበት ከፍ ካለ ስፍራ ተቈልፎ ይቀመጥ። ባዶው ጆንያ ዱቄት አይያዝበትም፥ ልጅ አይተኛበትም፤ በርሜሉም ቢታጠብ እንኳ ውሃ አይቀዳበትም።